አልነሳ ያለ ሞተርና የባለቤቱ ኪስ

በዕቃ ማመላለስ ሥራ ላይ የተሰማራ ሞተር ሳይክል የቀን ገቢው የሚወሰነው በጠዋቱ ነው። ደንበኛው ዕቃውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ሾፌሩም ቁልፉን ከፍቶ ማስነሻውን ይጫናል። ሞተሩ ግን ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ሾፌሩ ደግሞ ይሞክራል፣ በእግሩ ይመታል፣ በመጨረሻም መንገደኛ ለምኖ ያስገፋል። በዚህ መካከል የተሰበሰበው ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ ሌላው ካንዴላ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ካርቡሬተሩ ካልወረደ አይሆንም ብሎ ይምላል። ባለቤቱ ሦስቱንም ሰምቶ ሦስቱንም ያስፈጽማል። ወደ ማታ ግን ጥፋቱ ባትሪው ላይ የላላ የሽቦ ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል።

ይህ በየከተማው የሚታይ ነገር ቢሆንም ብዙ ባለንብረቶች ሒሳቡን ቁጭ ብለው አያሰሉትም። ለስሌት እንዲመች የአንድ ሞተር ሳይክል የቀን ገቢ 800 ብር ነው እንበል። ሦስት ቀን ቢቆም 2,400 ብር ቀረ ማለት ነው። ያለ ምርመራ የተገዛው ባትሪ 3,000 ብር፣ የእጅ ዋጋው ደግሞ 600 ብር ቢሆን ጠቅላላ ኪሳራው 6,000 ብር ይደርሳል። ይህም የሰባት ቀን ተኩል ገቢ ነው። የላላውን ማሰሪያ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማጥበቅ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሥራ አልነበረም።

የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ስህተትን የሚችል አይደለም። የሞተር ሳይክል መለዋወጫ በአብዛኛው ከሕንድና ከቻይና የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም እንሞክረው ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ኪስ ይጎዳል። በተለይ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንድ ጊዜ ከተገጠመ በኋላ ለሻጩ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየተጓዙ መመርመር ነው። አንድ የቤንዚን ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። እነዚህም የካንዴላ እሳት፣ በልክ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፣ እንዲሁም ፒስቶኑ ይህን ድብልቅ የሚያምቅበት ኃይል ናቸው። ከሦስቱ የጎደለውን ሳያውቁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ገንዘብን በነፋስ እንደ መበተን ይቆጠራል።

ማስነሻው ሲጫን ካልዞረ

የመጀመሪያው ጥያቄ ማስነሻው ሲጫን ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚል ነው። ካልዞረ ካንዴላና ካርቡሬተር ገና አይነኩም። ቅድሚያ የሚታዩት ምንም የማያስከፍሉት ናቸው። ቀይ ማጥፊያ ቁልፍ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ ቁልፉ ተዘግቶ እንዳይሆን ይታያል። ማርሹ ነፃ መሆኑ፣ የጎን መቆሚያው መታጠፉና ፍሪሲዮኑ መያዙም ይረጋገጣል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ማስነሻው ለደኅንነት ሲባል እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የተገጠመው።

ቀጥሎ ድምፁን ማዳመጥ ይገባል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ኮረንቲው ሪሌው ድረስ ደርሶ ወደ ሞተሪኖው አላለፈም፣ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል። ድምፅም መብራትም ከሌለ ፊውዙና ዋናው ሽቦ ይታያሉ።

ባትሪውን በግምት ከመኮነን በቴስተር መለካት ይሻላል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሥራ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12 ቮልት በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ማስነሻው ሲጫን ወደ 10 ቮልት ዝቅ ማለቱ ያለ ነገር ነው፤ ከዚያ እጅግ ከወረደ ግን ባትሪው አቅም አጥቷል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ልኬት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚወሰደው ነው። ቤንዚን ተሰጥቶት ሲፈጥን ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ነው። ይህን ሳያረጋግጥ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲሱንም ሞቶ ያገኘዋል።

ካርቡሬተር ላለው ሞተር ሳይክል ከዚህም የቀለለ ፈተና አለ። በእግር ሲመታ ወይም ሲገፋ ወዲያው ከተነሳ ሦስቱም መሠረታዊ ነገሮች ደህና ናቸው፤ ፍተሻው በባትሪና በሞተሪኖ መሥመር ላይ ብቻ ይወሰናል። ቤንዚን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚረጩት አዳዲስ ሞዴሎች ግን ይህ ፈተና አያስተማምንም። ባትሪያቸው ፈጽሞ ከሞተ ቢገፉም ላይነሱ ይችላሉ።

እየዞረ ካልተነሳ

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤንዚኑ ነው። ቧንቧው ተከፍቷል ወይ? ታንኩ ውስጥስ ቤንዚን አለ ወይ? የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነ ቤንዚኑ ወደ ታች አይወርድም። ክዳኑን ከፍቶ መሞከር ይህን ያጋልጣል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን አላልቶ የሚወርደውን በትንሽ ዕቃ መቀበልም ጠቃሚ ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከጀሪካንና ከላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ለሚገዙ ሞተረኞች፣ እንዲሁም በክረምት ደጅ ለሚያድር ሞተር ሳይክል ይህ ፍተሻ ብዙ ወጪ ያድናል። ለወራት የቆመ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ተንኖ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተውና የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ የሚጠይቀው ማጽዳት ነው እንጂ ካርቡሬተር መለወጥ አይደለም።

ቤንዚን መድረሱ ከታወቀ ካንዴላው ይፈታል። የካንዴላው መልክ እንደ ሐኪም ወረቀት ይነበባል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ነገር ግን አልተቃጠለም። በጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ቡናማ መልክ ካለው በደህና ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

እሳቱን ለማየት ካንዴላው በኮፍያው ላይ እንደተሰካ ብረቱ የሞተሩን አካል እንዲነካ ተደርጎ ሞተሩ ይዞራል። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መልካም ምልክት ነው። ብጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለ አስቀድሞ በደህና ካንዴላ ተለውጦ ይሞከራል። ከዚያ ኮፍያው፣ ቀጥሎ ቦቢናው፣ በመጨረሻም ውዱ የሲዲአይ ሳጥን ይፈተሻል። ልምድ የሌለው መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሲዲአይ ነው። ይህ ሙከራ ሲደረግ የፈሰሰ ቤንዚን መጠረግ፣ ካንዴላውም ከተፈታበት ቀዳዳ መራቅ አለበት፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ትነት እሳት ሊይዝ ይችላል።

እሳትም ቤንዚንም እያለ የማይነሳ ከሆነ ብቻ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በእግር ሲመታ መቋቋም የሌለው፣ ለስለስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ እምቅታው ጠፍቷል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ ደግሞ መሞከር ጥፋቱን ይለያል። በዘይቱ ምክንያት ኃይሉ ከጨመረ ያለቁት የፒስቶኑ ፋሻዎች ናቸው። ካልጨመረ የሚጠረጠሩት ቫልቮቹ ናቸው። የቫልቭ ክፍተት ስለጠበበ ብቻ አልነሳ ያለ ሞተር በማስተካከል ይድናል። ይህን ያልለየ ባለቤት ግን ለሙሉ ዕድሳት ሊከፍል ይችላል።

የከፍታው ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተር ይህን በራሱ አያውቅም። በመሆኑም 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ተስተካክሎ ሲሠራ የነበረ ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት ጠዋትም ያስቸግራል። ገዢው ተታለልኩ ብሎ ሻጩን ይከሳል፤ ነገሩ ግን የካርቡሬተር ማስተካከያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በብርድ ጠዋት ቾክ መሳብ ትክክል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሳይመልሱት መተው ግን ካንዴላውን በቤንዚን ያርሳል። ቤንዚን የበዛበትን ሞተር ለማስነሳት ቾኩን መልሶ፣ የቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጥቂት ማዞር ይበጃል።

አሮጌ ለሚገዙና ለሚያሻሽጡ

በአሮጌ ሞተር ሳይክል ገበያ ላይ አነሳሱ ራሱ ዋጋ ነው። የማለዳ ችግሩን የሚያውቅ ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል። የሞቀ ሞተር ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር እንደሚባለው፣ ብልህ ገዢ ገና ቁልፍ ሳይከፈት እጁን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሙቀቱን ያያል። ሞቆ ካገኘው ሌላ ቀን በማለዳ ይመለሳል። በቀዝቃዛው ካስነሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ነድቶ ያጠፋና በሙቀቱ ደግሞ ያስነሳል። በብርድ የሚነሳ፣ በሙቀት የሚያስቸግር ሞተር የቫልቭ ወይም የቦቢና ጥያቄ ይዟል።

ሻጩም በበኩሉ ሊነቃ ይገባል። የማይነሳ ሞተር ሳይክል ገበያ ላይ የሚገመተው ሞተሩ እንደሞተ ተቆጥሮ ነው። ደላላውም ገዢውም የሙሉ ዕድሳት ወጪ ቀንሰው ዋጋ ይጠራሉ። ብልሽቱ ፊውዝ ወይም የዛገ ማሰሪያ ከሆነ ልዩነቱ በሙሉ ወደ ገዢው ኪስ ይገባል። አንዲት ሞተር ሳይክል ብቻ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በችኮላ የሸጠውን ያህል መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ላያገኝ ይችላል።

ብዙ ሞተር ሳይክል ገዝተው በዕለት ገቢ ሒሳብ ለሾፌር የሚሰጡ ባለሀብቶች ደግሞ ትርፋቸውን የሚጠብቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቴስተር፣ ደህና መሆኑ የታወቀ ካንዴላ፣ ጥቂት ፊውዞችና የካንዴላ መፍቻ በመጋዘን ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል መቼ ቆመ፣ ምን ተመረመረ፣ ምን ተለወጠ የሚል መዝገብ መያዝ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ የበላ ሞተር ሳይክል መዝገቡ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ሦስተኛ ባትሪ መግዛት ሳይሆን የሚሞላውን ክፍል መጠገን እንደሚያስፈልግ ይናገራል።

መካኒክ ጋ ሲኬድም የሚጠየቀው ጥያቄ መለወጥ አለበት። ዕቃው ስንት ነው ከማለት በፊት፣ እሳቱ ታይቷል ወይ፣ ቮልቱ ስንት አነበበ፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተር ደርሷል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለእነዚህ መልስ ያለው መካኒክ የእጅ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ርካሽ ነው። መልስ የሌለው ግን የሚሠራው በባለቤቱ ገንዘብ እየተማረ ነው።