ከሀገሩ ውጭ የተከበረው የኳስ መምህር

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 1953 በለንደን ከተማ፣ በዌምብሌይ ስታዲየም፣ እንግሊዝና ሀንጋሪ ለእግር ኳስ ጨዋታ ተገናኙ። እንግሊዝ ከብሪታንያ ደሴቶች ውጭ በመጣ ብሔራዊ ቡድን በገዛ ሜዳዋ ተሸንፋ ስለማታውቅ፣ ሕዝቡ ስታዲየሙን የሞላው ድል ለማየት ነበር። ነገር ግን ሀንጋሪዎች በመጀመሪያው ደቂቃ አገቡ፤ ጨዋታውም ሲፈጸም ሀንጋሪ 6፣ እንግሊዝ 3 ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሀንጋሪ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳንዶር ባርች፣ ስለ እግር ኳስ የምናውቀውን ሁሉ ያስተማረን ጂሚ ሆጋን ነው ሲሉ ተናገሩ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ጂሚ ሆጋን የተባለው ሰው እንግሊዛዊ መሆኑ ነው። በዚያችም ሰዓት የ71 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ የአስተን ቪላን ክለብ ወጣቶች ይዞ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ነበር።

ለመሆኑ የእንግሊዝ ልጅ ለሌላው ሕዝብ መምህር የሆነው እንዴት ነው? ሆጋን በ1882 ኔልሰን በምትባል የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካህን ይሆናል ብሎ ተስፋ ቢያደርግም፣ የልጁ ልብ ከኳስ አልተለየም። ለበርንሌይ ክለብ ሲጫወት አንድ ቀን የመታት ኳስ ከግቡ አግዳሚ በላይ አለፈች። ወደ አለቃው ሄዶም፣ የሳትሁት የእግሬ አቀማመጥ ተበላሽቶ ይሆን? ብሎ ጠየቀ። አለቃው ግን ዝም ብሎ እንዲመታና ከዐሥሩ አንዱ ከገባለት እንዲበቃው መከረው። በዚያን ዘመን ተጫዋቾች በሳምንቱ ውስጥ የሚለማመዱት በአብዛኛው ሩጫ ነበር፤ ቅዳሜ እንዲናፍቋት ተብሎ ኳሷን እንኳ ይነፈጉ ነበር። ሆጋን ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥያቄውን መልስ ራሱ ይፈልግ ጀመር።

ቦልተን ለተባለው ክለብ ሲጫወት ቡድኑ ወደ ሆላንድ ተጉዞ የዶርድሬኽትን ቡድን 10 ለ 0 አሸነፈ። ሆጋን ግን በማሸነፉ ከመደሰት ይልቅ፣ ተመልሼ እነዚህን ልጆች አስተምራለሁ ብሎ ቈረጠ፤ በ1910ም እንዳለው አደረገ። በ1912 ሁጎ ማይስል ወደ ቪየና ጠራውና፣ ሁለቱ ሰዎች ኳስን በምድር ላይ እያንሸራሸሩ፣ በአጭርና በፈጣን ቅብብል የሚጫወቱበትን ስልት አብረው መከሩ።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ሆጋን በቪየና የጠላት ሀገር ሰው ተብሎ ተያዘ። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ እርሱ ቀረ። በኋላም ኤም ቲ ኬ የተባለውን የቡዳፔስት ክለብ እንዲያሠለጥን ተፈቀደለት፤ ዳሩ ግን ለፖሊስ መታየት ግዴታው ነበር። በከተማው መናፈሻ ኳስ ሲያንከባልሉ ያያቸውን ሁለት ወጣቶች፣ ጊዮርጊ ኦርትንና ዮዜፍ ብራውንን፣ ወስዶ አሠለጠነ፤ ሁለቱም ለሀንጋሪ ብሔራዊ ቡድን በቁ። ክለቡም ከ1917 እስከ 1925 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ የሀገሩ ሻምፒዮን ሆነ።

ሰላም ሲሆን ሆጋን ድኻ ሆኖ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በጦርነቱ ለተጎዱ የኳስ ሰዎች ርዳታ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ፣ የመንገዱን ገንዘብ ተበድሮ ወደ ለንደን እግር ኳስ ማኅበር ሄደ። ራሱ እንደ ተረከው፣ ዋና ጸሐፊው ፍሬድሪክ ዎል ሦስት ጥንድ የካኪ ካልሲ ሰጠውና፣ በጦር ግንባር የነበሩት ልጆች በዚህ ደስ ብሏቸው ነበር አለው። ምርኮኛ የነበረው ሰው እንደ ከዳተኛ መቈጠሩን ተረዳ። ስለዚህ እንደ ገና ተሰደደ።

በጀርመን በድሬስደን ከተማ ለተሰበሰቡ ሰዎች ንግግር ሲያደርግ፣ ቋንቋውን አጣርቶ ስለማያውቅ የኳስ መምህር ነኝ ለማለት ፈልጎ የቋንቋ መምህር ነኝ አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ሆጋን ዕረፍት ጠይቆ ወጣ፤ የኳስ ልብሱን ለብሶ ተመለሰ። ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ በ15 ያርድ ርቀት የቆመውን የእንጨት ሳንቃ በባዶ ቀኝ እግሩ በኳስ መታው። ኳሷ ነጥራ ስትመለስ በግራው ደገመ፤ ሳንቃውም ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ሳቅ አልተሰማም።

በ1934 የለንደኑ ፉልሃም ክለብ ቢቀጥረውም፣ ተጫዋቾቹ ትምህርት አያስፈልገንም አሉ። ከ31 ጨዋታ በኋላ፣ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ተሰናበተ። በ1936 ግን ያሠለጠነው የኦስትሪያ ቡድን በበርሊን ኦሊምፒክ ሁለተኛ ወጣ። ወዲያው የተረከበውን አስተን ቪላንም በ1938 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን መልሶ አወጣው።

ሆጋን በጃንዋሪ 1974 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ለልጁ በላከው የኀዘን ደብዳቤ የዘመናዊው የጀርመን እግር ኳስ አባት ብሎ ጠራው። በዚያው ዓመት በጋ የምዕራብ ጀርመንን ቡድን ለዓለም ዋንጫ ያበቃው ሄልሙት ሾን፣ በወጣትነቱ ከእርሱ የተማረ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዌምብሌይ የገቡት ስድስት ግቦች መነሻቸው በበርንሌይ የተናቀው የአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ልጅ፣ ለምን ሳትሁ? ብሎ ሲጠይቅ፣ ዝም ብለህ ምታ ማለት ቀላል ነው። መልሱን አብሮ የሚፈልግለት ሰው ከቤቱ ካላገኘ ግን፣ ያወቀውን ይዞ ወደሚሰሙት ሰዎች ይሄዳል።