ደካማው ጌም ቦይ ብርቱዎቹን እንዴት ረታ?

ስለ እጅ ጌም ወሬ በተነሳ ቁጥር ወዳጆቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን አንድ አዲስ ዕቃ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይገባል? ቢወድቅ ይተርፋል? አሥር ደቂቃ ብቻ ተጫውቼ ባቆም ጠግቤ አቆማለሁ ወይስ ተቆርጦብኝ? እነዚህን ጥያቄዎች ያስተማረኝ ጌም ቦይ ነው። በዘመኑ ከዋና ተፎካካሪዎቹ በጉልበት የሚያንሰው እሱ ነበር፤ ያሸነፈውም እሱ ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። ታሪኩን አንዴ ካወቃችሁት ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለውን የጌም ዕቃ የምታዩበት ዓይን ይለወጣል። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የጥገና ሠራተኛ ነው። ጉንፔይ ዮኮይ በ1965 ኪዮቶ በሚገኘው ኒንቴንዶ ሲቀጠር ድርጅቱ የሚታወቀው በመጫወቻ ካርታ ነበር፤ የዮኮይም ሥራ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገን ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝለት ለራሱ መጫወቻ ይሠራል። አንድ ጊዜ እየተዘረጋና እየታጠፈ ራቅ ያለ ዕቃ የሚያነሳ ክንድ ሠርቶ ሲጫወትበት የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ያየዋል። ያማውቺ ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዘው። መጫወቻው በ1966 ወጣና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይ ከዚያ በኋላ ወደ ማሽን ጥገና አልተመለሰም።

ከዓመታት በኋላ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ ሥራ የፈታ መንገደኛ የሒሳብ መሣሪያውን ቁልፎች እየነካካ ጊዜ ሲገድል አየ። በዚያ ወቅት ሻርፕና ካሲዮ በሒሳብ መሣሪያ ገበያ ላይ ትንቅንቅ ይዘው ስለነበር ትንንሾቹ ስክሪኖችና ቺፖች በጣም ረክሰው ነበር። ዮኮይ ይህንን ርካሽ ዕቃ ለጨዋታ ቢያውለውስ ብሎ አሰበ። በ1980 የወጣው «ጌም ኤንድ ዋች» የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ አንድ ጨዋታና ሰዓት ያለው ዕቃ። በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ1982 ከወጡት አንዱ «ዶንኪ ኮንግ» የተባለው ላይ ደግሞ ዮኮይ ለግራ አውራ ጣት ጠፍጣፋ የመስቀል ቁልፍ ሠራ። ተጣጥፎ የሚዘጋ ዕቃ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘንግ ቦታ አይኖረውማ። ዛሬ የትኛውንም ጆይስቲክ ብታነሱ ያ መስቀል ወይም የእሱ ዘር ግራ እጃችሁ ስር አለ።

የዮኮይ የሥራ ፍልስፍና እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቅርብ ጊዜውን፣ ውዱንና ገና ያልተፈተነውን ቴክኖሎጂ አያሳድድም። ሁሉም የለመደውን፣ ባሕርይው የታወቀውንና ዋጋው የወደቀውን ይወስድና ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ያውለዋል።

በሚያዝያ 1989 ጃፓን ውስጥ የወጣው ጌም ቦይ የዚህ እምነት ትልቁ ፈተና ነበር። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በሚመስል መደብ ላይ አራት ዓይነት የጥላ ደረጃ ብቻ ያሳያል። ከኋላው የሚያበራ መብራትም የለውም። የሥራ ማህደረ ትውስታው 8 ኪሎባይት ነው። በዚያው ዓመት አታሪ ባለቀለምና ባለመብራት የሆነውን «ሊንክስ» አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሴጋ «ጌም ጊር»ን አስከተለ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ጌም ቦይን የሚመርጥ አይመስልም ነበር።

አሁን ግን የባትሪውን ድንጋይ እንቁጠር። ጌም ቦይ የግድግዳ ሰዓት ላይ በሚገባው ትንሹ ድንጋይ ይሠራል፤ አራት ፍሬ ከገባለት 15 ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሊንክስና ጌም ጊር ግን ስድስት ስድስት ይፈልጋሉ፤ የሚቆዩትም ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ የሚያጫውታችሁን ያህል ጌም ጊር ለማጫወት ከ18 እስከ 30 ድንጋይ ይጨርሳል ማለት ነው። ጉልበቱን የሚበላው በዋናነት ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ነው። ጌም ቦይ ያንን መብራት አውጥቶ ጣለና ፀሐይንና የክፍል አምፖልን በነፃ ተጠቀመ። ዋጋውም አሜሪካ ውስጥ 90 ዶላር ገደማ ሆነ፤ ሊንክስ ግን 180 ዶላር አካባቢ ነበር።

ይህን ነገር በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በእጄ አውቄው ነበር። አክስቴ ከጅዳ ስትመጣ ለእኔና ለወንድሜ ግራጫውን ጌም ቦይ ይዛልን መጣች። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዝም ሲሉ እሱ ብቻ ይሠራል፤ ግን ለማየት ሻማ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋናው የመጫወቻ ቦታችን በረንዳው ነበር፤ ፀሐዩ በትከሻችን በኩል ሲመጣ ምስሉ ጥርት ይላል። በግራ ጎኑ ያለውን ትንሽ ጎማ በጣት እያሽከረከርን ጥላውን እናስተካክላለን። ከስክሪኑ በስተግራ አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ ድንጋዩ ሲደክም እሷም እየፈዘዘች ትሄዳለች። እሷ ስትፈዝ ድንጋዮቹን አውጥተን መስኮቱ ላይ ፀሐይ እናስመታቸዋለን። ሙቀቱ ውስጣቸው ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ለጥቂት ጊዜ ስለሚያነቃው ትንሽ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጡናል። የድንጋይ ዋጋ ሱቅ ከሚላክ ልጅ ኪስ የሚወጣ ከሆነ፣ ባለቀለሙ ጌም ጊር እኛ ቤት ቢገባ ኖሮ ሳምንት ሳይሞላው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣ ነበር ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ቆይ፣ ስክሪኑ ደካማ ከሆነ ጨዋታውስ እንዴት ጣፈጠ? ምላሹ ቴትሪስ ውስጥ አለ። የሚወርዱ ቁራጮችን እየደረደሩ ሙሉ ረድፍ የሚያጠፉበትን ቴትሪስን የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ ነበር። በ1989 መጀመሪያ ሄንክ ሮጀርስ የተባለ የጌም አሳታሚ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ቴትሪስን በእጅ ጌም የማውጣት መብት አገኘ። ለኒንቴንዶ ሰዎች ያቀረበው ክርክርም ግልጽ ነበር፤ ከጌም ቦይ ጋር ማሪዮ ቢታሸግ የሚገዙት ልጆች ናቸው፤ ቴትሪስ ቢታሸግ ግን ሁሉም ሰው ይገዛል። ስለዚህም አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ጌም ቦይ ከነቴትሪሱ ተሸጠ።

ጨዋታውና ስክሪኑ እንዴት እንደተጋቡ ተመልከቱ። የጌም ቦይ ስክሪን ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ነገር በፍጥነት ሲሮጥ ከኋላው ጥላ እየጎተተ ይደበዝዛል። ቴትሪስ ላይ ግን መደቡ አይንቀሳቀስም፤ በአንድ ጊዜ የሚወርደው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድብዘዛው አይታወቅም። በብዙ ባለቀለም ማሽኖች ላይ ሰባቱ ቁራጮች በቀለም ይለያሉ፤ እዚህ ቀለም ስለሌለ ለየአንዳንዱ የራሱ ጥለት ተሰጠው። በብዛት የሚታወቀው ቴትሪስ ቁመቱ 20 ረድፍ ነው፤ የጌም ቦይ ግን 18 ነው። ለምን? ማሽኑ ምስሉን የሚሠራው 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ነው፤ 144 ለ8 ሲካፈል 18 ይመጣል። የጨዋታው ሜዳ ከስክሪኑ ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ልክ እንዲሞላ ተለክቶ ተሰፋ። አንድ ዙርም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሻይ እስኪፈላ ተጫውታችሁ ታቆማላችሁ። ሩስያዊው የጠፈር ተጓዥ አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ በ1993 ወደ ሚር የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ ጌም ቦዩንና ቴትሪሱን ይዞ መሄዱ ለዚህ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቦታ፣ ትንሽ ኃይል፣ ብዙ ጨዋታ።

ሌላው የጌም ቦይ ብልሃት ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ነች። ሁለት ማሽኖች በገመድ ይያያዙባታል። በቴትሪስ ሁለት ሰው ይፋለምባታል፤ አንዱ ብዙ ረድፍ ባጠፋ ቁጥር የሌላው ሜዳ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ ሰው ግን ያንን ገመድ ሲያይ የታየው ፍልሚያ አይደለም። በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ነበርና፣ ነፍሳት በገመዱ ውስጥ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲሻገሩ ታየው። ከዚያ ሐሳብ ፖኬሞን ተወለደ።

ፖኬሞን ለመውጣት ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀበት። በየካቲት 1996 ሲወጣ ጌም ቦይ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ብዙዎች ዘመኑ አልፏል ብለው ትተውት ነበር። ጨዋታው በቀይና በአረንጓዴ ሁለት ካሴት ሆኖ ወጣ፤ አንዱ ካሴት ላይ ያሉ አንዳንድ ፍጥረታት ሌላው ላይ የሉም። ጥቂቶቹ ደግሞ ለሌላ ሰው ካልተላለፉ በቀር ወደ መጨረሻ ቅርጻቸው አይለወጡም። ስለዚህ ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ 150ዎቹን ፍጥረታት የሚጨርስ የለም፤ ጓደኛ መፈለግ፣ መደራደር፣ መለዋወጥ ግድ ነው። የእጅ ጌም ሰውን ከሰው ይነጥላል ለሚሉኝ ሁሉ የማቀርበው ማስረጃ ይህ ነው። ቤት የተቀመጠ ትልቅ ማሽን ጓደኛህን ወደ ቤትህ ይጠራዋል፤ የእጅ ጌም ግን አንተን ይዞ ወደ ጓደኛህ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጌም ቦይና በ1998 የተከተለው ባለቀለሙ ጌም ቦይ አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ።

እኛ አገር አብዛኛው ሰው ጌም ቦይን አልያዘም፤ ጣዕሙን ግን ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ቴትሪስን የተማርነው ጥቁር ቁራጮች በሚወርዱበት፣ ስሙ በማይታወቅ ፋብሪካ በተሠራው ርካሽ ብሪክ ጌም ነው። ከዚያ ደግሞ የኖኪያው የእባቡ ጌም መጣ። በ1997 ፊንላንዳዊው ታኔሊ አርማንቶ ለኖኪያ 6110 የሠራው ነው፤ ታክሲ ስንጠብቅና ቀበሌ ወረፋ ስንይዝ ጣታችን የተጠመደበት። እሱም በዮኮይ መንገድ የሄደ ነው። ለስልክ ቁጥር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ስክሪን፣ ለመደወያ የተሠሩ ቁልፎች፣ ቀናት የሚቆይ ባትሪ፤ ከእነዚህ ላይ ጨዋታ ወጣ።

ትምህርቱ ከጌም ቦይ በኋላም ተደጋግሟል። በ2004 ሶኒ ፒኤስፒን፣ ኒንቴንዶ ደግሞ ዲኤስን አወጡ። ፒኤስፒ ሲያዩት ዓይን የሚያስቀር፣ ጉልበቱም የላቀ ነበር፤ 80 ሚሊዮን አካባቢ ተሸጦም ስኬታማ ሆነ። ሁለት ስክሪንና መንኪያ ብዕር ይዞ የመጣው ዲኤስ ግን 154 ሚሊዮን ደረሰ። ዲኤስን የምወደው ክዳኑን ስዘጋው ጨዋታው ባለበት ቆሞ ስለሚጠብቀኝ ነው። እናቴ ስትጠራኝ ክዳን መዝጋት ይበቃል። በ2017 የወጣው ስዊች፣ በ2022 የወጣው ስቲም ዴክም ከዚህ የተማሩ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ያንቀላፋሉ፣ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ይቀጥላሉ። በስልክ መጫወት ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ጣቴ ማየት የምፈልገውን ይሸፍነዋል፤ አውራ ጣቴ ሳያይ የሚያገኘው ቁልፍ የለም፤ በዚያ ላይ መልእክት በየመሃሉ ይገባል።

ዮኮይ በ1996 ከኒንቴንዶ ወጣ፤ በጥቅምት 1997 በመኪና አደጋ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለባንዳይ ሲሠራበት የነበረው «ዋንደርስዋን» በ1999 ጃፓን ውስጥ ወጣ። በአንዲት ትንሽ ድንጋይ ብቻ 30 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ከእምነቱ ፈቀቅ አላለም።

እንግዲህ የእጅ ጌም ልትገዙ ስትሉ ከሻጩ ፊት የምስሉን ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት ቀናችሁን አስቡ። የት ትጠብቃላችሁ? ስንት ደቂቃ ታገኛላችሁ? የምትሞሉበት ሶኬት አጠገባችሁ አለ? አብሯችሁ የሚጫወት ማን ነው? ለእነዚህ ጥሩ መልስ ያለው ዕቃ አሮጌም ይሁን ርካሽ ያስደስታችኋል። ጉልበት ያረጃል፤ በ2004 ፒኤስፒ ላይ ያስደነቀንን ምስል ዛሬ ተራ ስልክ ይበልጠዋል። የ1989ኙ ቴትሪስ ግን 18 ረድፉን እንደያዘ ዛሬም ማንም አልበለጠውም፤ ለእጅና ለአጭር ጊዜ ተለክቶ የተሠራ ነውና።