ሰውን ወደ ዛፉ፣ ዛፉን ወደ ሰው

በከፋ፣ በቦንጋ ከተማ ዙሪያ ባለው ጫካ ቀና ሳይል የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የቀረሮ ግንድ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንገት እስኪያም ካዩት በኋላ ከቅጠሉ መካከል ድብልብል ያለ ረጅም ነገር ብቅ ይላል። ቀፎ ነው። እዚያ የሰቀለው ሰው ነው፤ ማሩ ሲደርስም ተመልሶ የሚወጣው ሰው ነው። ስለ ዛፍ መውጫ መሣሪያ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ሰው ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ መኪና አለ። ከተማ ውስጥ የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ ጫፍ ላይ ሲሠሩ አይታችሁት ይሆናል፤ ታጣፊ ክንድ፣ በክንዱ ጫፍ ደግሞ ሰው የሚቆምበት ቅርጫት አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ‘ቼሪ ፒከር’ ይሉታል፤ ቼሪ ለቃሚ ማለት ነው። ስሙ ከአትክልት ቦታ የመጣ ነው። ካሊፎርኒያዊው ጄይ ኢትል እ.ኤ.አ. በ1944 ቼሪ ሲለቅም መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ስለታከተው መሣሪያውን እንደነደፈ ይነገራል። በምዕራብ ካናዳ ለፍራፍሬ ለቀማ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ‘ቀጭኔ’ ተብሏል፤ ላየው ሰው ስሙ ተገቢ ነው።

ክንዱን የሚያነሳው ዘይት ነው። ፓምፕ ዘይቱን በኃይል ወደ ብረት ሲሊንደር ሲገፋው በውስጡ ያለው ፒስተን ይወጣል፤ ክንዱም አብሮት ይነሳል። ከባዱ ነገር ማንሳቱ ሳይሆን አለመውደቁ ነው። ክንዱ ወደ ጎን በተዘረጋ ቁጥር የቅርጫቱ ክብደት መኪናውን ለመገልበጥ ያለው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ብዙዎቹ አራት የድጋፍ እግር ዘርግተው መሬት ላይ ይተክላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላቸው ዘንበልታም ከ5 ዲግሪ ብዙ አያልፍም።

ይህ ቁጥር በከፋ ምድር ምን ማለት እንደሆነ ቦንጋን የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ራሷ ኮረብታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሲደርሱባት፣ ዙሪያዋን ዳገት፣ ሸለቆና ለብዙ ወራት በዝናብ የራሰ አፈር ከቧታል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መዝገቡ ያሰፈረው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ክልል ስፋቱ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። እዚህ ጫካ ውስጥ መኪና ለማስገባት መጀመሪያ ዛፍ መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው! መኪናው ለአስፋልት ዳር ይሁን፤ ለጫካው ግን አይሆንም።

ታዲያ ቀፎው እንዴት ይወጣል? በገመድ፣ በሐረግና በጉልበት። ሰውየው ግንዱን በገመድ ታግዞ ይወጣል፤ ጥሩ ቅርንጫፍ ሲያገኝ ቀፎውን ከታች ጎትቶ ያስራል። ከፍታው በከንቱ አይደለም፤ የንብ መንጋ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ማር የሚዘርፍ አውሬም በቀላሉ አይደርስበትም። ገተማ የተባለው ዛፍ አብቦ ነጩ ማር ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሌሊት፣ ጭስ ይዞ ነው። ጨለማ፣ ንብ፣ እርጥብ ግንድ። አንድ እግር ቢያዳልጥ የሚይዘው ነገር የለም። ይህን አደጋ እንደ ባህል ማስጌጫ አድርገን ስናወራው ያሳዝነኛል፤ የሚወድቀው የቤተሰብ አባት ነው።

ለከፋ የሚበጀው መሣሪያ ከመኪናው ያነሰና የቀለለ ይመስለኛል። በሌላው ዓለም ረጅም ዛፍ የሚገርዙ ባለሙያዎች መኪና በማይገባበት ሁሉ የሚሠሩት በገመድ ነው። ቀጭን ክር ከክብደት ጋር ወርውረው በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ያሳልፋሉ፤ ክሩ ዋናውን ገመድ ይጎትታል። ሰውዬው ወገቡንና ጭኑን የሚይዝ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቆ፣ ሄልሜት አድርጎ ይወጣል፤ እጁን ቢለቅ እንኳ ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይወድቅም። የሚቆረጠውንም ቅርንጫፍ አስቀድመው አስረው ቀስ ብለው ያወርዱታል። የቡና ጥላ ዛፍ ለሚገርዝ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ዘበት የሚወድቅ ቅርንጫፍ ከሥሩ ያለውን ቡና ይሰባብራል። ዕቃው ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ በትከሻም ዳገት ይወጣል።

ሁለተኛው መንገድ ዛፉን ወደ ሰው ማውረድ ነው። ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል፤ ለቃሚው ግንዱን በቆልማማ እንጨት ስቦ እያጎነበሰ ይለቅማል። በጓሮና በእርሻ ላይ ላረጀ ቡና ግን ጉንደላ አለ። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በበጋ፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል፤ ውሃ እንዳያቁርና እንዳይበሰብስ ቁራጩ ዘንበል ይላል። ከሚያቆጠቁጡት ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ብቻ ይቀራሉ። ገበሬው ሁለት ዓመት ያህል ምርት ያጣል፤ ለደሃ ቤት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ የተወሰነውን መጎንደል ይሻላል። በጥብቅ ክልሉ ውስጥ ያለው የዱር ቡና ግን በመጋዝ መነካት የለበትም፤ የዓለም አረቢካ ዘር መጠባበቂያ ነው። በፍራፍሬም መንገዱ ይኸው ነው፤ የእንግሊዙ ኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ ያስፋፋቸው ዛፍ የሚያሳጥሩ ሥረ ግንዶች የአፕል ዛፍን ከሰው ቁመት ብዙ እንዳይርቅ አድርገውታል። የተዳቀለ አቮካዶም ከዘር ከበቀለው ይልቅ ቶሎና በአጭሩ ያፈራል።

ንቡም ወደ ታች እየመጣ ነው። የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎ ወገብ ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶችም ያለ ችግር ይሠሩበታል። ሆኖም ብዙ ንብ አንቢ መንጋውን የሚይዘው አሁንም ዛፍ ላይ በሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ነው፤ ንቡ ከገባ በኋላ አውርዶ ወደ ሳጥኑ ያዛውረዋል። ለዚያች አንዲት ቀን አሁንም የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል፣ ወገቡ ላይም ቀበቶ።