ሶፍትዌርን እንደ ድልድይ መግዛት ለምን አያዋጣም?

መንግሥት ድልድይ ሲያሠራ መጀመሪያ ንድፉ ያልቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ከዚያ ተቋራጩ በንድፉ መሠረት ይገነባል። ሶፍትዌርም በዚሁ መንገድ ሲገዛ ግን ነገሩ ይበላሻል። ለምን?

ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ በደንብ የሚታወቀው መጠቀም ሲጀምር ነው። አጃይል የሚባለው አሠራር መነሻው ይኸው ነው፦ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ትንሽ ግን የሚሠራ ነገር ይቀርባል፣ ሰው ይሞክረዋል፣ ቀጣዩ ሥራ ከዚያ ይወሰናል። ታዲያ ውሉ የሦስት ዓመት ሥራን ከነዝርዝሩ ቀድሞ ካሰረው ፕሮግራመሮቹ በምን ነፃነት ይሠራሉ? እያንዳንዷ ለውጥ የውል ማሻሻያ ትጠይቃለች።

"እንግዲያው በቁርጥ ዋጋ ፋንታ በሠሩት ልክ ይከፈላቸው" ትሉ ይሆናል። እሱ ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካውን የጤና መድን ድረ ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭን እንመልከት። የዋናው ሥራ ውል ተቋራጩ ያወጣውን ወጪ የሚተካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲፈረም 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት ሥራ በ2014 መጀመሪያ ላይ ከ209 ሚሊዮን አልፏል። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ድረ ገጹ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ ናቸው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ ቁጥጥሩ ደካማ እንደነበር፣ ሥልጣኑ የሌላቸው ሠራተኞች ሳይቀሩ ተጨማሪ ሥራ ያዙ እንደነበር አረጋግጧል።

18ኤፍ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የቴክኖሎጂ ቡድን (ከ2014 እስከ 2025) ያስፋፋው የውል ዓይነት ለዚህ መልስ አለው፦

• ውሉ የሚጽፈው ዓላማውን ነው። "ገጹ ይህን ይህን ቁልፍ ይኑረው" ሳይሆን "አመልካቹ ያለ ረዳት ማመልከቻውን ጨርሶ ይላክ" ይላል።
• ክፍያው በሠሩት ሰዓት ነው፤ ግን የማይታለፍ ጣሪያ አለው።
• ውሉ ትንሽና አጭር ነው። መሥሪያ ቤቱ ካልረካ አያድሰውም።
• ጥራት በየጊዜው ይለካል፦ ኮዱ ተፈትኗል? ደኅንነቱ ተጠብቋል? ሰነዱስ ተጽፏል?
• ኮዱ የመንግሥት ንብረት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን በመሥሪያ ቤቱ በኩል "ይህ ይቅደም፣ ያ ይቅር" ብሎ የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀርበውን ሥራ ማን ይመዝነዋል?

እንዲህ ያለው ውል ስህተትን አያስቀርም። ስህተቱ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ያኔ ደግሞ ለማረም ገንዘቡም ጊዜውም ገና በእጅ ነው።