በትንሽ የቶርኖ መኪና ሾጣጣ ስለ መቅረጽ

በቶርኖ መኪና ቀጥ ያለ ዘንግ መቅረጽ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ሾጣጣ ለመቅረጽ ግን ትክክለኛውን ዝንባሌ ማግኘት ያስፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናብራራው ይህ ዝንባሌ እንዴት እንደሚገኝ ነው።

ቸክ የሚባለው የፑንታ መያዣ በመኪናው የኋላ ደጋፊ ውስጥ ያለ ብሎን ጸንቶ የሚቆመው፥ ሁለት ሾጣጣዎች በሙሉ ገጻቸው ገጥመው በሰበቃ ስለሚያያዙ ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ከተነካኩ መያዣው በሥራ መካከል ይሽከረከራል፤ የቀዳዳውንም ግድግዳ ፍቆ ያበላሻል።

በ1863 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጠምዛዛ ፑንታ የፈጠራ መብት ባገኘው በአሜሪካዊው በስቴፈን ሞርስ ስም የሚጠራው ሾጣጣ በትንንሽ መኪናዎች የተለመደ ነው። የቁጥር 2 ዝንባሌ 1 ለ 20 ያህል ነው፤ ይኸውም በየ20 ሚሊሜትር ርዝመት ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ይቀንሳል። አንዱ ጎን ብቻ ሲታሰብ 1 ለ 40፥ በማዕዘን 1 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ግድም ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ መቁረጫውን የተሸከመውን የላይኛውን ተንሸራታች ማዞር ነው። በግርጌው የተቀረጹት የዲግሪ ምልክቶች ግን አይበቁም፤ የዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ስሕተት በ60 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ የውፍረቱን ልዩነት በ0.2 ሚሊሜትር ያህል ያዛባልና። ስለዚህ ከመኪናው መስመር ጋር ትይዩ የሆነ ዘንግ እናስራለን፤ ባለ መርፌ መለኪያም በተንሸራታቹ ላይ ተክለን ዘንጉን እናስነካለን። ተንሸራታቹ 40 ሚሊሜትር ሲጓዝ መርፌው 1 ሚሊሜትር እስኪያሳይ ድረስ ማዕዘኑን እናቃናለን።

ሁለተኛው መንገድ የኋላውን ደጋፊ ወደ ጎን ማሸሽ ነው። ይህም ለረዥም ሾጣጣ ይመቻል፤ ለቀዳዳ ግን አይሆንም። በሁለት ሴንተሮች መካከል የተያዘው ዘንግ 200 ሚሊሜትር ቢረዝም ሽሽቱ 5 ሚሊሜትር፥ 100 ቢሆን 2.5 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ርዝመታቸው የተለያየ ዘንጎች በአንድ አቀማመጥ አይቀረጹም።

በሁለቱም መንገድ የመቁረጫው ጫፍ ከፍታ ከመኪናው መካከለኛ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ የሾጣጣው ጎን ቀጥ ማለቱ ቀርቶ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ለመፈተን በሾጣጣው ርዝመት ላይ ሦስት የጠመኔ መስመሮች አሥምረን በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ እናዞረዋለን። ጠመኔው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከታሸ ሥራው ትክክል ነው፤ በወፍራሙ ጫፍ ብቻ ከታሸ ዝንባሌው በዝቷል፤ በቀጭኑ ብቻ ከሆነ አንሷል። ፈተናው የሚደረገው ብረቱ ወደ መጨረሻው ልክ ሳይደርስ ነው፤ አንዴ የተቆረጠ ብረት አይመለስምና።