የቆየ ቴፕ ሪኮርደርን ስለ ማደስና ስለ መመርመር

በመርካቶ፥ በምናለሽ ተራ፥ ከሚሸጡት አሮጌ ዕቃዎች መካከል አልፎ አልፎ በሁለት ጥቅል ክር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ሪኮርደር ይገኛል። ፊሊፕስ በ1963 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሴትን ካወጣ በኋላ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ቀስ በቀስ ከአገልግሎት ወጥተዋል። ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ለመሣሪያው ነው፤ ይሁን እንጂ ለመሣሪያው መለዋወጫ ሊፈለግለት ይችላል፥ አብሮት በመጣው ክር ላይ ያለው ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክሩ ሳይጎዳ መሣሪያው የሚታደስበትንና የሚመረመርበትን ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

አሠራሩ። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፕፍሎይመር በ1928 የብረት ዱቄት የተቀባ የወረቀት ክር ሠራ፤ የአኤጌ ኩባንያም በ1935 ማግኔቶፎን የተባለውን መሣሪያ በበርሊን ለሕዝብ አሳየ። ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ መሣሪያው በትከሻ የሚንጠለጠል ሆነ፤ በ1961 የወጣው የጀርመኑ ኡኸር 4000 ሪፖርት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና አራት ፍጥነቶች ያሉት ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች ውስጥ ክሩ በሁለት ራሶች ፊት ያልፋል። የመጀመሪያው የቀድሞውን ድምፅ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ከማይክሮፎን የመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ማግኔትነት ለውጦ በክሩ ላይ ያትማል፥ ያንኑም መልሶ ያሰማል። እንግዲህ የመቅረጫው ቁልፍ ከተጫነ የማጥፊያው ራስ ሥራውን ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ የጠፋውንም ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ማደሱ። በመጀመሪያ የባትሪው ቤት ይታያል፤ ድንጋዩ ፈስሶ ከሆነ መገናኛዎቹ እስኪያበሩ ድረስ ይጸዳሉ። ሁለተኛ፥ የጎማ ክፍሎቹ ይፈተሻሉ፤ የደረቀ ወይም የቀለጠ ጎማ ክሩን ያንሸራትታል፥ አንዳንዴም ይበላዋል። ሦስተኛ፥ በዕድሜ ብዛት የደረቁ የኤሌክትሮሊት ኮንደንሰሮች ይለወጣሉ። አራተኛ፥ ራሶቹና ክር የሚያልፍባቸው ብረቶች በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ይጠረጋሉ፤ ለጎማው ግን ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል። በመጨረሻም በራሶቹ ላይ የቀረው ማግኔትነት በልዩ መሣሪያ ይወገዳል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው በማያሳዝን ክር ነው።

የፍጥነት ምርመራ። ለዚህ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። በሰከንድ 9.5 ሳንቲ ሜትር በሚሄድ መሣሪያ 5 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ክር በ60 ሰከንድ ማለፍ አለበት። በክሩ ላይ ይህን ያህል ለክቶ ሁለቱን ጫፍ ምልክት ማድረግና ሰዓቱን መያዝ ነው። 63 ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ ድምፁ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ የመውረድን ያህል ይወርዳል፤ ዘፈኑም ይንቀራፈፋል። ትዝታን ወይም አምባሰልን የሚያጠና ተማሪ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ባይዛባበትም፥ ዘፋኙ የጀመረበትን የድምፅ ከፍታና የዘፈኑን ፍጥነት ተሳስቶ ይጽፋል። በተቃራኒው፥ ባትሪው በደከመ መሣሪያ የተቀረጸ ድምፅ በትክክለኛው መሣሪያ ላይ ሲሰማ ቀጥኖና ፈጥኖ ይገኛል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው የሚያሰማው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የቀረጻውም ሁኔታ ነው።

ስለ ክሩ። ጥቅሉን ወደ ብርሃን ማንሣት ዓይነቱን ለመለየት ይረዳል። ብርሃን የሚያሳልፈው አሴቴት ነው፤ ሲያረጅ ይደርቃል፥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፥ ሲሳብም ይበጠሳል። ብርሃን የማያሳልፈው ፖሊስተር ሲሳብ ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል። የተበጠሰው ሊቀጠል ይችላል፤ የተለጠጠው ክር ግን ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። በዚህም ምክንያት የቆየ ክር በፍጥነት አይጠቀለልም። በ13 ሳንቲ ሜትር ጥቅል ላይ ያለ 270 ሜትር ክር በ9.5 ፍጥነት 47 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ይህም የመጀመሪያው መደመጥ በዚያው ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር መቅጃ ይሁን፤ ደካማ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላልና።

ከዚህ ቀጥሎ የድምፁ ባለቤት፥ ቦታው፥ ዘመኑና ፍጥነቱ የታወቀውን ያህል በጥቅሉ ሣጥን ላይ ይጻፍ። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ፥ ስድስት ኪሎ ነው። ከአሮጌ ብረት ጋር በኪሎ ሊመዘን የነበረ ድምፅ ለተመራማሪ የሚደርሰው ግን አስቀድሞ የመቅረጫውን ቁልፍ ሳይነካ የሚመረምረው ሰው ሲያገኝ ነው።