የውጫሌ ሁለት ቅጂዎችና የድረ ገጽ ሥራ ትምህርት

በአምባሰል ምድር ከምትገኘው ከውጫሌ ስም ጋራ ተያይዞ የሚነገረውን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተደረገው ውል ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንደኛው በአማርኛ፥ ሁለተኛው በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ሲያመለክት፥ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ አቆመው። በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉት ሁለቱ ጽሑፎች ባለመስማማታቸው የተነሣው ክርክር፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ለተደረገው ጦርነት ዋነኛ ምክንያት ሆነ።

ይህን ማንሣታችን ታሪኩን ለመድገም አይደለም። ዛሬ በውጫሌም ሆነ በሌላው ያገራችን ከተማ የድረ ገጽ ሥራ ለመማር የሚነሣ ወጣት፥ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ ከሁለቱ ቅጂዎች ነገር ጋራ የሚመሳሰል ስለ ሆነ ነው። ወላጆችም ልጃቸው እስከ እኩለ ሌሊት በኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ እያዩ «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን በቀላል ምሳሌ እንመልከተው።

ድረ ገጽ በምን ይሠራል?

ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. አሰበው። ገጹ የሚሠራው በሦስት ቋንቋዎች ነው። ኤችቲኤምኤል እንደ አጥንት ነው፤ ርእሱን፥ አንቀጹን፥ ሠንጠረዡን በየስፍራው ያቆማል። ሲኤስኤስ እንደ ልብስ ነው፤ ቀለሙን፥ ስፋቱን፥ የፊደሉን መልክ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የወጣው ጃቫስክሪፕት ደግሞ እንደ ጅማት ነው፤ አንባቢው አንድ ነገር ሲነካ ገጹ እንዲንቀሳቀስና እንዲመልስ ያደርጋል።

የኛም ፊደል ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለም። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ገብቷል። ሲኤስኤስ ዝርዝርን ፩፥ ፪፥ ፫ እያለ በግእዝ አኃዝ መቍጠር ይችላል፤ ጃቫስክሪፕትም ቀኑን ባለ 13 ወሩ በሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልቶ ያሳያል።

ፍሬምወርክ ምን ያቃልላል?

እንበልና አንድ ወጣት ለሰፈሩ ዕድር የመዋጮ ገጽ መሥራት ፈለገ። በገጹ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፤ የአባላቱ ስም ከከፈሉት ገንዘብ ጋራ፥ የገንዘቡ ጠቅላላ ድምር፥ ያልከፈሉት ሰዎች ዝርዝር። አንድ አባል 50 ብር ሲከፍሉ ሦስቱም ስፍራዎች መታረም አለባቸው። በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ስፍራ ፈልጎ የሚያርም ትእዛዝ ለየብቻው ይጽፋል። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ እንደ ሆነ ግን፥ ገንዘቡ በአባሉ ስም አጠገብ ተጽፎ ሳለ ያው ሰው ካልከፈሉት መካከል ተቈጥረው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ስሕተት በዕድር ስብሰባ ላይ ምን ዓይነት ቅያሜ እንደሚያስነሣ ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍሬምወርክ የሚባለው ማዕቀፍ የተፈጠረው ይህን ድካም ለማቃለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ፌስቡክ ለሕዝብ ያወጣው ሪአክት፥ በ2014 ዓ.ም. ኤቫን ዩ የተባለው ባለሙያ ያወጣው ቪዩ፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ስቬልት፥ አሠራራቸው ቢለያይም መሠረታዊ ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ይኸውም መዝገቡ አንድ ይሁን፥ በገጹ ላይ የሚታየው ሁሉ ከዚያ ይቀዳ የሚል ነው። ሠራተኛው መዝገቡን ሲያርም ማዕቀፉ የሚታየውን ሁሉ ያስማማል። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

ጀማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

የመጀመሪያው ኮምፖነንት ይባላል፤ ትርጓሜውም የገጽ ክፍል ማለት ነው። የአንድ አባል መስመር አንድ ክፍል ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ለመቶ ሃያ አባላት መቶ ሃያ ጊዜ ያገለግላል።

ሁለተኛው ስቴት ነው። ይህ የተናገርነው መዝገብ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ በዚህ ይያዛል።

ሦስተኛው ፕሮፕስ ይባላል። ዋናው ክፍል ለታናሹ ክፍል የሚሰጠው መረጃ ነው። ታናሹ የተሰጠውን ያሳያል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይለውጠውም። ለውጥ ሲያስፈልግ ወደ መዝገቡ ባለቤት መልእክት ይልካል።

አራተኛው ለዝርዝር የሚሰጠው ቍልፍ ነው። በአንድ ዕድር ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፥ እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ቍጥር ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበትን ነገር ልብ እንበል። ተማሪው የእያንዳንዱን ሰው መዋጮ በመዝገቡ ከያዘ በኋላ ጠቅላላውን ድምር ደግሞ ለብቻው ሌላ መዝገብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህን ባደረገ ጊዜ ማዕቀፉ ሊያስቀርለት የነበረውን ሁለተኛ ቅጂ በገዛ እጁ ፈጠረ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩበት ቀን መምጣቱም አይቀርም። ድምር ከመዋጮው ተሰልቶ የሚገኝ ስለ ሆነ በየጊዜው ይሰላ እንጂ ለብቻው አይጻፍ። ያልከፈሉት ሰዎች ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የተረዳ ተማሪ የማዕቀፉን ልብ አገኘ ሊባል ይቻላል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ስቴት የሚቆየው ገጹ ተከፍቶ እስካለ ድረስ ነው፤ ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። መረጃን በዘላቂነት ማኖር ሌላ ትምህርት ስለ ሆነ፥ ልጁ ይህን እስኪማር ድረስ የዕድሩ ጸሐፊ ደብተራቸውን አይጣሉ።

መሠረቱን ሳይዙ ጣራ አይሠራም

በቀድሞው ትምህርታችን ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት አይደግምም፤ ንባብ ያላጸናም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት አይሻገርም ነበር። ከውጫሌ በስተ ደቡብ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምእት ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ቦታ ለመሆን የበቃው፥ መምህርና ተማሪ በትዕግሥት የተጉበት ስለ ነበረ ነው። የዛሬው ትምህርትም ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የወጣው አንጉላር ጄኤስ የተባለው ማዕቀፍ ለብዙ ዓመታት ስሙ የገነነ ነበር፤ ነገር ግን በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ባለቤቱ ድጋፉን አቋረጠ። የማዕቀፉን ትእዛዝ ብቻ በቃሉ የያዘ ሰው እንደ ገና ከሀ መጀመር ግድ ሆነበት፤ ጃቫስክሪፕትን ጠንቅቆ ያወቀው ግን ወደ ሌላው በቀላሉ ተሻገረ።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋራ ሆኖ የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ትምህርት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፥ የፕሮግራም አጻጻፍ መሠረትን ይጨምራል። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን ባለሙያ አያደርግም፤ ሙያን የሚመሰክረው በገዛ እጅ የተሠራ ሥራ ነው።

ኢንተርኔት ሲታጣስ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ አይዘነጋም። ስለዚህ በዚህ አገር የሚማር ሰው ኢንተርኔት ሲገኝ ለሚታጣበት ቀን ስንቅ መያዝ አለበት። ለዚህ ቪዩ ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ በአንድ ፋይል ተጠቃልሎ ይወርዳል፥ መጠኑም በስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያንሳል። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መማሪያ ጽሑፎቹንም አስቀድሞ አውርዶ ማኖር ይቻላል። አብዛኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ተማሪው አዲስ ቃል ባገኘ ቍጥር ትርጓሜውን በራሱ አማርኛ በደብተር ቢጽፍ ትምህርቱ ይጸናለታል።

ወላጆችም ሙያውን ባያውቁት እንኳ ሊረዱ ይችላሉ። ጸጥ ያለ ሰዓትና ስፍራ ይስጡት፤ የዕረፍትና የእንቅልፍ ጊዜውንም ይወስኑለት። ደግሞም በሳምንት አንድ ቀን «እስቲ የሠራኸውን አሳየን» ይበሉት። የሠራውን ገጽ ለእናቱ ባማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ በእርግጥ ተምሯል፤ ማስረዳት ካቃተው ግን የሰው ሥራ ገልብጦ ይሆናልና ወደ መጀመሪያው ይመለስ። የሚጠይቁትም ከባድ ነገር አይደለም፤ «አንድ ሰው ቢከፍል ስንት ቦታ ታርማለህ?» ይበሉት። «አንድ ቦታ ብቻ» ብሎ ከመለሰና ሠርቶ ካሳየ፥ ሌሊቱን በከንቱ እንዳላሳለፈው ይወቁለት።